ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን

ለደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን ያወጡላት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እኒህ ንጉሥ ከግሸን አምባ ግዞት ወጥተው፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. ነግሠዋል። ሊቅም ነበሩ፤ መጽሐፈ ብርሃን በስማቸው ይታወቃል። በ1441 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ የተገኙትም በዘመናቸው ነው።

ስለ ታላቅነታቸው ብዙ ስለ ተጻፈ፣ እኛ በዚህ ገጽ ስለ ችሎታቸው ጥቂት ልናወሳ ወደድን።

ንጉሡ ጣዖትንና ጥንቆላን ከአገር ሊነቅሉ ቆርጠው ተነሡ። ሕዝቡ ሁሉ ሰይጣንን የሚክድ ቃል በግንባሩና በክንዶቹ ጽፎ እንዲይዝ አዘዙ፤ እምቢ ያለ በሞት ይቀጣ ነበር። በዚህ ጊዜ ጠቋሚ በዛ። ባልንጀራውን የጠላ ሁሉ፣ ለዳስክ ሰግዷል እያለ ይከስሰው ጀመር። እሳቱ ቤተ መንግሥቱንም አልማረም፤ የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተከስሰው ተገረፉ፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ንጉሡ ሕዝቡን ሰብስበው የልጆቻቸውን ቁስል አሳዩ፤ ለእግዚአብሔር ቀንተው ለሥጋቸው እንኳ እንዳልራሩ ገለጡ። ጉባኤውም አለቀሰ። በዚያው ቤት ንጉሡ ራሳቸው ከአንድ በላይ ሚስት ነበሯቸው፤ ይህ ግን ለችሎት አልቀረበም።

ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስም በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በኋላ ብርሃን በሰማይ ታየ። አንዳንድ ሊቃውንት በ1456 ዓ.ም. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ ብርሃኑን ፍርዳቸው ለመጽደቁ ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ በስፍራውም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠሩ። ያ ብርሃን ወደ ገዛ እልፍኛቸው ሊያመለክት ይችል እንደ ነበር አለማሰባቸው እኛን ያሳዝነናል። እልፍኙስ ሰላም አልነበረውም፤ ካህናት ሌሊትና ቀን ጠበል ይረጩበት ነበርና።

ከሚስቶቻቸው አንዲቱ ጽዮን ሞገሳ ለልጃቸው ለበእደ ማርያም ዙፋኑን ተመኝተዋል ተብለው ተገረፉ፤ በዚያው ሞቱ። ልጁ የእናቱን ሞት በሰማ ጊዜ ዕጣንና ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ መታሰቢያ አደረገ። አባቱም ተቈጥተው አሰሩት። ኋላ ግን መነኮሳት ስለ ማለዱላቸው ፈቱት፤ ታረቁት፤ አልጋ ወራሽም አደረጉት።

በ1468 ዓ.ም. ንጉሡ በደብረ ብርሃን ዐረፉ። በእደ ማርያምም በነገሡ ጊዜ በአባታቸው ዘመን የታሰሩትን በምሕረት ለቀቁ።