አውጉስት ቤበል፡ ከእንጨት ሥራ ሙያ እስከ ትልቁ የፓርላማ ቡድን መሪነት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1912 በጀርመን የተካሄደው የፓርላማ ምርጫ በሀገሪቱ ዘውዳዊ ሥርዓት ዘመን የመጨረሻው ነበር። በዚሁ ምርጫ የሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ከ397 መቀመጫዎች 110 በማግኘት ለመጀመሪያ ጊዜ የምክር ቤቱ ትልቁ ቡድን ለመሆን በቅቷል። ፓርቲውን ለዚህ ካበቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሊቀ መንበሩ አውጉስት ቤበል ነበሩ።

ቤበል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1840 በኮሎኝ አቅራቢያ በምትገኘው ዶይትስ ከአንድ የፕሩሺያ ጦር ባልደረባ ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ያጡት ቤበል የእንጨት ሥራ ሙያ ተምረው በ1860 ላይፕዚግ ከተማ ገቡ። በ1867 የሰሜን ጀርመን ፓርላማ አባል ሆነው የተመረጡ ሲሆን፣ በ1872 ደግሞ በሀገር ክህደት ተከሰው የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ከ1878 እስከ 1890 ጸንቶ የቆየው ሕግ የፓርቲውን ማኅበራት፣ ስብሰባዎችና ጋዜጦች ቢያግድም፣ አባላቱ በግል ለምርጫ እንዳይቀርቡ አልከለከለም። ቤበልና ጓዶቻቸው ይህችን ቀዳዳ በመጠቀም ድምፃቸውን በምክር ቤቱ ማሰማታቸውን ቀጠሉ።

ድምፅ ማግኘት ግን መቀመጫ ማግኘት አልነበረም። ሕዝቡ ወደ ከተሞች ቢጎርፍም የምርጫ ክልሎች ወሰን ባለመሻሻሉ፣ ፓርቲው በ1907 ከመራጩ ድምፅ 29 በመቶ ያህሉን አግኝቶ 43 መቀመጫዎች ብቻ ደርሰውታል። በ1912 ያገኘው ድምፅ ወደ 35 በመቶ ከፍ ብሏል።

መቀመጫ ማግኘትም ቢሆን ሥልጣን መያዝ አልነበረም። መራሔ መንግሥቱን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ቤበል ኦገስት 13 ቀን 1913 በስዊዘርላንድ አርፈው በዙሪክ ከተቀበሩ ከአራት ወራት በኋላ፣ ምክር ቤቱ የጦር ሠራዊቱ በዛበርን ከተማ ነዋሪዎች ላይ በፈጸመው በደል ሳቢያ በመራሔ መንግሥት ቤትማን ሆልቬግ ላይ ያለውን ቅሬታ በ293 ድምፅ ቢገልጽም፣ እርሳቸው ከሥልጣናቸው አልወረዱም።

መራሔ መንግሥቱ ለምክር ቤቱ ተጠሪ እንዲሆን የሚደነግገው ማሻሻያ የጸናው ጀርመን በጦርነቱ ልትሸነፍ በተቃረበችበት በኦክቶበር 28 ቀን 1918 ነበር። ዘውዳዊው ሥርዓት ከዚያ በኋላ የቆየው 12 ቀናት ብቻ ነው። በምርጫ የተገለጸው የሕዝብ ፈቃድ የመንግሥት ሥልጣን መሠረት እንዲሆን ቤበል ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉለት ዓላማ ዕውን መሆን የጀመረው እርሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመታት በኋላ ነበር።