የዳኞች መምህር፦ ሰር ስታንሊ ራውስ

በእግር ኳስ ሜዳ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ይሮጣሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ተመልካች ይጮኻል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ሕጉን ጠንቅቆ የማያውቅ ከሆነ የተጫዋቾቹ ድካም ከንቱ ይሆናል። ሕጉን እያወቀ የማያከብር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከዚያ የባሰ ነው። ማወቅና ማክበር የተለያዩ መሆናቸውን ከሰር ስታንሊ ራውስ የሕይወት ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ስታንሊ ራውስ በ1895 ዓ.ም. በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ ተወለዱ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል ካገለገሉ በኋላ ኤክስተር በተባለው ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ኮሌጅ የመምህርነት ትምህርት ተከታተሉ። ከ1921 ጀምሮም በዋትፎርድ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኑ። በወጣትነታቸው በረኛ ነበሩ፤ ዳሩ ግን የእጃቸው አንጓ ስለ ተጎዳ መጫወቱን ትተው ወደ ዳኝነቱ አዘነበሉ።

በእግር ኳስ የመጀመሪያ ዘመን እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዳኛ ያቀርብ ነበር። ሁለቱ ያልተስማሙ እንደሆነ ብቻ ከሜዳው ውጭ የቆመ ሦስተኛ ሰው ይጠየቃል። በ1891 ይህ ሦስተኛ ሰው ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ወደ ሜዳው ገባ፤ ሁለቱ ግን የመስመር ዳኞች ሆኑ። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ያ ሰው ለሥልጣኑ ብቁ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። መልሱም ፈተና ሆነ። በ1893 በለንደን የዳኞች ማኅበር ሲቋቋም ከዓላማዎቹ አንዱ የዳኞችን ችሎታ መመርመር ነበር።

የሕግ ፈተና ጥቅሙ ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከመስመር ውጭ በእጅ የተወረወረ ኳስ ማንንም ሳይነካ በቀጥታ ከተጋጣሚው ግብ ቢገባ ተመልካቹ በደስታ ይፈነድቃል። ሕጉ ግን ግብ አይደለም፣ የመልስ ምት ነው ይላል። እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ጨዋታ አንድ ጊዜ እንኳ ላያጋጥም ይችላል። ባጋጠመ ጊዜ ግን ዳኛው መጽሐፍ ገልጦ የሚያይበት ፋታ የለውም። አስቀድሞ ተምሮና ተፈትኖ ያረጋገጠው እውቀት ብቻ ከጩኸቱ ያድነዋል። በኩረጃ ወይም በአማላጅ ፈተናውን ያለፈ ሰው ፈታኙን ሊያታልል ይችላል፤ ሜዳውን ግን አያታልለውም።

ራውስ በዳኝነታቸው ከደረጃ ወደ ደረጃ ከፍ አሉ። በ1927 ቤልጅግና ሆላንድ አንትወርፕ ላይ ያደረጉትን ግጥሚያ ዳኙ፤ ይህም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ዳኝነታቸው ነበር። በ1934 ማንቸስተር ሲቲ ፖርትስማውዝን 2 ለ 1 ያሸነፈበትን የእንግሊዝ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ በዌምብሌ መሩ። ዳኛው ሜዳውን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ እየሮጠ፣ የመስመር ዳኞቹም እርሱ የራቀበትን ወገን እየጠበቁ እንዲሠሩ የሚያደርገው ዘዴ እንዲስፋፋ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው።

በዚያው በ1934 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የጨዋታው ሕግ በየጊዜው ሲጨመርበትና ሲሻሻል የቆየ በመሆኑ ቃሉ የተወሳሰበ ነበር። ሕጉ ግልጽ ካልሆነ ፈታኙና ተፈታኙ በአንድ መልስ ሊስማሙ አይችሉም። መምህሩ ራውስ ይህን ስለ ተገነዘቡ ሕጉን መልክ አስይዘው በ17 አንቀጾች አደራጁት። በ1938 የወጣው ይህ ሥራ ሕጉ በ1997 እንደገና ተስተካክሎ እስኪጻፍ ድረስ ለዳኞች ትምህርት መሠረት ሆኖ አገልግሏል። ራውስ በ1949 ሰር የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1961 ደግሞ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ይሁን እንጂ ከባዱ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፌዴሬሽኑ በ1960 ሮም ላይ ባደረገው ጉባኤ በአባል ማኅበራት ውስጥ የዘር ልዩነት እንዳይደረግ ወስኖ ነበር። በዚህም መሠረት ጥቁሮችን ያገለለው የደቡብ አፍሪካ ማኅበር በ1961 ታገደ። ራውስ ግን ስፖርትና ፖለቲካ መለያየት አለባቸው በማለት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ከተመለሱ በኋላ በ1963 እገዳው እንዲነሣ አደረጉ። ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማና ሌሎች የአፍሪካ ስፖርት መሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ። በ1964 ቶኪዮ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤም እገዳውን መለሰ። በ1974 ራውስ እንደገና ለመመረጥ ሲወዳደሩ በብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንጅ ተሸነፉ። ለሽንፈታቸው አንዱ ምክንያት የአፍሪካውያኑ ቅሬታ ነበር።

ሰር ስታንሊ ራውስ በ1986 በ91 ዓመታቸው አረፉ። ሕግን ግልጽ በማድረግና ዳኞችን በማስተማር የሠሩት ሥራ በየሜዳው ይታያል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው የሚለውን መርሕ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ላይ ሳይጠብቁ መቅረታቸው ደግሞ ከታሪካቸው የሚፋቅ አይደለም። ሕግን ማወቅ በወረቀት ላይ ሊፈተን ይችላል። ሕግን ማክበር የሚፈተነው ግን ውሳኔው ዋጋ በሚያስከፍልበት ሰዓት ነው።

መልመጃ

1. ከ1891 ወዲህ ለዳኞች ፈተና መስጠት ያስፈለገበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
2. የሕግ ግልጽነትና የፈተና ትክክለኛነት እንዴት ይገናኛሉ?
3. “አንጓ”፣ “ፋታ”፣ “ሰያፍ” የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ ጻፉ።
4. “ማወቅና ማክበር” በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።