አባ ማስያስ፦ የሕዝቡን ቋንቋ የተማሩ ጳጳስ

በመልካሳ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጥላው ሥር ቆም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ቋንቋ ይሰማል። ከአዋሽ ዳር ከእርሻ የመጡት እናቶች በኦሮምኛ፣ በከተማው ያደጉት ወጣቶች በአማርኛ ይነጋገራሉ። እኛም አንድ እሑድ ረዘም ያለ ስብከት በአማርኛ ብቻ ሰብከን ስንወጣ፣ አንዲት አረጋዊት እናት እጃችንን ተሳልመው ስብከቱ መልካም እንደ ነበረ ከሰው መስማታቸውን በልጃቸው አስተርጓሚነት ነገሩን። ከሰው ሰሙ እንጂ ከእኛ አልሰሙም፤ የተቀመጡት ግን ከፊት ወንበር ነበር። ያ ቃል ከልባችን ስላልወጣ፣ ከዛሬ መቶ ሰባ ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ የደከሙትን የአንድ አባት ሕይወት ደግመን ልንመረምር ወደድን።

እኒህ አባት ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን አባ ማስያስ ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1809 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር ፒዮቫ በምትባል መንደር ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በወጣትነታቸው ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ፤ ክህነት ከተቀበሉም በኋላ በቶሪኖ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ሕሙማንን በመንፈስ ሲያገለግሉ ከሐኪሞቹ ጥቂት የሕክምና ጥበብ ቀሰሙ። ይህ ትምህርት ኋላ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ እንደሚጠቅማቸው በዚያን ጊዜ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ አዲስ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁመው ማሳያን ጳጳስ አድርገው ሾሙላቸው። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር መናገር ይገባናል። ለቪካሪያቱ የተሰጠው ስም ጎረቤቶች ለሕዝቡ ያወጡት፣ ሕዝቡ ግን ራሱን የማይጠራበትና እንደ ስድብ የሚቆጥረው ስም ነበረ። ሮማ ይህን ስም የወሰደችው በጊዜው ከነበሩት መጻሕፍትና ካርታዎች ነው። እንግዲህ የምሥራቹ መልእክተኛ ጉዞውን የጀመረው ሌሎች ስለ ሕዝቡ የተናገሩትን ቃል ይዞ እንጂ ሕዝቡ ስለ ራሱ የሚናገረውን ሰምቶ አልነበረም።

መንገዱም ቀላል አልነበረም። በምጽዋ በኩል ሞከሩ፤ ተከለከሉ። በዚያው ከተማ በ1849 መጀመሪያ፣ በጨለማ ተሰውረው፣ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን ጳጳስነት ቀቡ። ከብዙ ዙረት በኋላ ነጋዴ መስለው በግብጽና በሱዳን በኩል ዞረው በ1852 መጨረሻ ጉድሩ ደረሱ። ከዚያም በጊቤ ወንዝ ወዲያ እስከ እናርያና ከፋ ድረስ ዘለቁ።

በጉድሩ የጠበቃቸው የመጀመሪያው ሥራ ፈንጣጣ ነበረ። ያ በሽታ መንደር ሙሉ የሚያጠፋ፣ የተረፈውንም ፊቱን የሚያበላሽና ዓይኑን የሚያሳውር ነበረ። አባ ማስያስ በቶሪኖ የተማሩትን አስታውሰው ክትባት መስጠት ጀመሩ፤ ሕዝቡም የፈንጣጣ አባት ብሎ ሰየማቸው። ባላባቱም ባሪያውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በአባቶቹ ሥርዓት የሚኖረውም ክንዱን ዘረጋላቸው። በተዘረጋው ክንድ ላይ የመደብ ልዩነት አልታየም። በዚህ ሥራ መካከል ከሕሙማኑ አፍ ቋንቋውን እየለቀሙ ተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶስንም በኦሮምኛ አዘጋጁ።

የዚህ ድካም ፍሬ በ1867 በፓሪስ ታተመ። መጽሐፉ በላቲን የተጻፈ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ነው። በርእሱ ላይ ቋንቋውን በቅድሚያ የጠሩት ኦሮምኛ ብለው ነው፤ ያ የቀድሞው ስም ከኋላ ተከትሎ፣ ሌሎች የሚጠሯቸው በሚል አነጋገር ብቻ ተጠቀሰ። ልዩነቱ የጥቂት ቃላት ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሕዝቡን ያዳመጠ ሰው ያደረገው ለውጥ በመሆኑ እኛ ትልቅ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን።

በ1868 ወደ ሸዋ መጡ። ንጉሥ ምኒልክም በአክብሮት ተቀብለው አቆዩአቸው፤ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በፊንፊኔ የሚስዮን ሥፍራ ሰጧቸው። በ1879 ግን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ኃላፊነታቸውን አስረከቡ፤ በ1884 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ ካርዲናል አደረጓቸው። በዚሁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፈቃድ፣ አብዛኛውን ከትዝታቸው፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ተልእኳቸውን ታሪክ በአሥራ ሁለት ቅጽ ጻፉ። በ1889 አረፉ፤ የመጨረሻው ቅጽ የታተመው ከሞታቸው በኋላ ነው።

ስለዚህ ታላቅ ሥራ እውነቱን ብንናገር አባታችንን አናዋርድም። አሥራ ሁለቱ ቅጾች በዚያ ዘመን ስለ ነበረው የአገራችን ኑሮ ብዙ ዕውቀት ይዘዋል። ሆኖም ስለ ኦርቶዶክሳውያን ካህናትና ስለ እስላሞች በጻፉበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ፍርዳቸው ይከብዳል፤ የአባቶቻችንም ልማድ አንዳንዴ ከላይ ወደ ታች ይታያል። መጽሐፉ የተጻፈው በጣልያንኛ ለአውሮፓ አንባቢ ነበረ። የተጻፈባቸው ሰዎች ሊያነቡት አይችሉም ነበር፤ መልስ ሊሰጡም አልቻሉም። በጉድሩ ጎጆ ውስጥ ከሰዎች ጋር የተነጋገረው ያው አንደበት፣ በሩቅ አገር በጽሕፈት ጠረጴዛ ሲቀመጥ ስለ ሰዎች ተናገረ። ይህ ፈተና የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ብዕር የያዘ ሁሉ ይፈተንበታል።

የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ልዩ ድንጋጌ አወጣ። የመጀመሪያው የመገናኛ ብዙኃን ቀን በመላዋ ቤተ ክርስቲያን የተከበረው በ1967 ነው፤ የአባ ማስያስ ሰዋስው ከታተመ ልክ መቶ ዓመት በኋላ። ዛሬ ሬድዮውና ቴሌቪዥኑ፣ በእያንዳንዱ ወጣት እጅ ያለው ስልክም ቃላችንን ሩቅ ያደርሱታል። ሩቅ መድረስ ግን ከሰው ልብ መድረስ አይደለም። በጰራቅሊጦስ ቀን መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ አልጠራም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ እንዲሰማ አደረገ እንጂ።

እንግዲህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ስለ አንድ ሕዝብ፣ ስለ ሌላ ሃይማኖት ተከታይ፣ ስለ አካል ጉዳተኛ ወይም ስለ ድኻ ከመጻፋችንና ከመናገራችን በፊት፣ ያ ሰው አጠገባችን ቆሞ ቢሰማን በዚያው ቃል እንናገር እንደ ነበረ ኅሊናችንን እንጠይቅ። የማናፍር ከሆነ እንናገር፤ የምናፍር ከሆነ ግን ዝም ብለን በመጀመሪያ እናዳምጥ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 የአባ ማስያስን ተጋድሎ መስክረው ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ወሰኑ። ዐፅማቸው በፍራስካቲ በካፑቺን ቤተ ክርስቲያን አርፏል። እኛ ደግሞ በመልካሳ ከዚያ እሑድ ወዲህ ስብከቱን በኦሮምኛም እንሰብካለን። አነጋገራችን ገና ይሰናከላል፤ እኒያ እናትም ስንሳሳት እየሳቁ ያርሙናል። አሁን ግን ስብከቱን የሚሰሙት ከእኛው አፍ ነው። እግዚአብሔር ለሁላችን የሚሰማ ጆሮ ይስጠን፤ አሜን።