የራስ ኃይሉ ፍርድ

ዛሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በመኪና የሚጓዝ ወጣት ሹም፥ ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ በዳሞት አገር ሙግት እንዴት ይካሄድ እንደ ነበረ ቢያስብ መንገዱ አይረዝምበትም። ተሟጋቾቹ በቅሎ አግባ፥ ማር አግባ እየተባባሉ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ያስገባል። ዳኛውና ግብር አስገባሪው አንድ ሰው ስለ ነበረ፥ ሙግት በበዛ ቍጥር የሹሙ ጐተራ ይሞላል። ልማዱ የመላው አገር እንጂ የጎጃም ብቻ አልነበረም። ነገር ግን እንደ ልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አድርገው ሥልጣንን ወደ ሀብት መለወጥ ያወቁበት መስፍን ጥቂት ነው።

ራስ ኃይሉ በ1860 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ካረፉ በኋላ ተከፋፍሎ የቆየው ጎጃም ኋላ በእጃቸው ገባ። በ1916 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋራ አውሮፓን አይተው ተመለሱ። ግብር በግብር ላይ ይደርቡ፥ ሹመትንም በገንዘብ ይሰጡ ነበር። እንግዲህ ሹመቱን የገዛው ምስለኔ ገንዘቡን ከማን ሊያወጣ ነው? ከባላገሩ ነዋ!

በ1923 የወንጀለኛ መቅጫው ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጡ። በማግሥቱ ዓመት በፍቼ ታስረው የነበሩት ልጅ ኢያሱ አመለጡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የራስ ኃይሉ ልጅ ነበሩ፤ ራስ ኃይሉም በማስመለጡ ተከሰው ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። እኔ እንደሚመስለኝ የፍርዱ ችግር ከክሱ እውነትነት አይደለም። ሰውየውን የጣላቸው የባላገሩ ዕንባ ሳይሆን በአልጋው ላይ የተሠራው ጥፋት ነበር፤ ፈራጁም መንግሥት፥ ወራሹም መንግሥት ሆነ። ራስ እምሩ የግብሩን ሸክም ለማቅለል ቢጥሩም፥ ብዙ ጎጃሜ ነገሩን የሸዋና የጎጃም ጠብ አድርጎ ቈጠረው።

ጣሊያን ሲገባ ራስ ኃይሉ ነጻ ወጡ፤ ለጠላትም አደሩ። በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በእርሳቸው አማላጅነት ታምነው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ፤ ወዲያው ተገደሉ።

በ1933 ጣሊያኖች ጎጃምን እንዲያቆዩላቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ላኳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በቡሬና ያን ጊዜ ወጀት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም በኩል አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፥ ራስ ኃይሉ እጅ ነሡ። ሁለተኛ ሞት አልተፈረደባቸውም፤ አዲስ አበባ ተወስደው በቁም እስር ተቀመጡ።

አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን በሽፍትነት ተከሰው ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ በእስራት ተለውጦላቸው ሳለ ከወህኒ አምልጠው ተያዙ፤ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ሕግ ዐዋቂ የሁለቱን ነገር ለያይቶ ሊያስረዳ ይችል ይሆናል። የቡሬና የወጀት ባላገር ግን የሚያየው ገመዱን ነው፤ ገመዱ የማን አንገት ላይ እንደ ዋለ፥ የማንንስ እንዳለፈ። ራስ ኃይሉ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረው በዚያው በአዲስ አበባ ዐረፉ።