የማርያ ቴሬዛ ሁለት ዕድሜ

በቤተሰባችን ያለው ጠገራ ብር ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በአያቴ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ቅድመ አያቴ ጣልያን ከመግባቱ በፊት በንግድ ያገኘው ነው ይባላል። ይህን ለማረጋገጥ በላዩ የተጻፈውን ዓመት ማንበብ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር፤ 1780 ይላል። ዳሩ ግን ይህ ዓመት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ብሩ የተመታበት ሳይሆን መልካቸው የተቀረጸው ንግሥት የሞቱበት ነው።

ማርያ ቴሬዛ በ1717 በቪየና ተወለዱ። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ወንድ ልጅ ካልቀረላቸው ሴት ልጅ እንድትወርስ አስቀድመው ሕግ አውጥተው ነበር። በ1740 ሲሞቱ ግን ጎረቤት ነገሥታት ቃላቸውን አጠፉ፤ የፕሩስያው ፍሬድሪክ 2ኛ ሲሌዝያን ወረረ። ሃያ ሦስት ዓመት የሆናቸው ንግሥት እርጉዝ ሆነው ጦርነት ገጠማቸው። ሲሌዝያን አላስመለሱም፤ ዙፋናቸውን ግን አስከበሩ። መሳፍንቱንና ካህናቱን ግብር አስከፈሉ፤ በ1774 ሕፃናት ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዙ። አሥራ ስድስት ልጆች ወለዱ። ባላቸው በ1765 ከሞቱ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኀዘን ልብስ አላወለቁም። በብሩ ላይ ፀጉራቸውን የሸፈነው ሻሽም የባልቴትነታቸው ምልክት ነው።

ሁለተኛው ዕድሜያቸው የጀመረው ከሞቱ በኋላ ነው። የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ይህንን መልክ ስለለመዱና ሌላውን ስለተጠራጠሩ፣ ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ ተመታ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። በ1935 ሙሶሊኒ ከኦስትርያ መንግሥት የሃያ አምስት ዓመት የማስመታት መብት ተቀብሎ፣ ለወረራው የሚሆነውን ገንዘብ በሮማ አስመታ። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ዝም ብለው አላዩም። በአገራችን የብሩ ሥልጣን የተገታው በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ነው።

እንግዲህ የትኛው ከየት እንደመጣ በምን ይለያል? በክብደት አይደለም፤ ሁሉም 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833 ያህሉም ንጹሕ ብር ነው። ከደረታቸው በታች ያሉት ሁለት ፊደሎችም አይረዱም። የጉንዝቡርግ ገንዘብ መምቻ ቤት ሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ ሁሉ ገልብጠዋቸዋል። የሚለየው የቅርጽ አውጪው እጅ ነው፦ የትከሻው ጌጥ ሉሎች፣ የፊደሎቹ አጣጣል፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በጀርባው ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር የጅራቱ ላባ አሠራር።

የእኛን ብር በሚዛን አኖርኩት፤ 27 ግራም ተኩል ሆነ። ጎድሎ የተገኘው ከልብስ ጋር ሲፋተግ የኖረው ነው። በማጉያ መነጽር ስመለከተው የንግሥቲቱ መልክ ደኅና ነው። ጀርባው ግን ሁልጊዜ ደረት ላይ የሚያርፈው ወገን ስለነበር፣ የንስሩ ጅራት ተልጎ ለጥ ያለ ሜዳ ሆኗል። ከላባ አንድ እንኳ አይቆጠርም። የሮማ ሆኖ ቢገኝ የቅድመ አያቴ ንግድ ወሬ ሊሆን ነው፤ የቪየና ከሆነም አጎቴ ደስ ሊላቸው ነው። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ሊሠራልኝ ጠይቆኝ ነበር፤ ለአያቴ መልሼላቸዋለሁ።