ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ከደብረ ኤልያስ እስከ ብሔራዊ መዝሙር

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ለገሐር ወይም ወደ ልደታ የሚሄድ መንገደኛ ስለ ቦታው ስም ብዙ አይጨነቅም። ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈውም፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ባቡር ሽቅብ የሚያየውም፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል የሚሻገረውም ሁሉ ሜክሲኮ ይላል፤ ያልፋል። ስሙ ግን የምስጋና ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በጦር ኃይል ይዛ፣ መንግሥታት አንድ በአንድ ወረራውን እያጸደቁ ሲሄዱ፣ አናጸድቅም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አደባባዩ ስሟን የወረሰው በዚህ ውለታ ነው። እኛም ስለ አንድ ባለቅኔ ልንጽፍ ተነሥተን ከአደባባይ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ዘመን ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በስደት አገር ተቀምጦ፣ የራሱን ግጥም እንደ ባዕድ ግጥም ለመመርመር የተገደደበት ዘመን ነው ብለን ስለምናምን ነው።

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወለደ። (አንቱ ያላልነው አቅልለነው አይደለም፤ ባለቅኔን እንደ ታላቅ ወንድም አንተ ማለት የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ነው።) ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ከሚፈልቅባቸው የጎጃም አድባራት አንዱ ነው፤ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ የበዛብህን የትምህርት ዘመን ያነበበ ሁሉ ዮፍታሔ ያደገበትን አገር አየር ጥቂት አሽትቷል ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አንባቢያችን እንደማይቆጡን ተስፋ እናደርጋለን፤ የሰውየው ምሥጢር ያለው እዚህ ነውና። የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ መከላከያ ይዞ፣ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ቀን ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጥግ ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለት በልቡ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል፣ ይመዝነዋል። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ወረቀት የለም። ሁሉም በቃል ነው። ከዚያ በነገራው ሰዓት ከመምህሩ ፊት ይቀርብና የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ ይሰሙታል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ ዜማው ከቤቱ ከተረፈ ወይም ካነሰ፣ ያፈርሱታል። ትናንት የተመሰገነ ተማሪ ዛሬ በጓደኞቹ ፊት ቅኔው ፈርሶበት ሲመለስ ማየት በዚያ አገር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ማንም አይደነቅበትም፤ ማንም አያዝንለትም። በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል።

ከዚህም የበለጠ ልብ የሚነካው ሕግ ሌላ ነው። ለአንድ በዓል የተቆጠረ ቅኔ በሌላ በዓል አይደገምም። በቅዳሴና በማኅሌት መካከል አንድ ጊዜ ይባላል፤ አዋቂ ይሰማዋል፤ በቃ። የሚተርፈው ባለሙያ ወድዶት በቃሉ ከያዘው ነው እንጂ ባለቤቱ ለነገ ብሎ አያስቀምጠውም። እንግዲህ ይህ ልጅ ሥራን ሁሉ የአንድ ቀን አበባ አድርጎ በሚቆጥር ጥበብ ውስጥ አደገ ማለት ነው። ጥርጣሬውም ቢሆን በሥርዓት የተሰጠው ነበር፤ ዕለት ዕለት የሚያርም መምህር ያለው ሰው ራሱን መጠራጠር አያስፈልገውም፤ የሚጠራጠርለት አለና።

የማዕረጉ ስም ራሱ ከዜማ የወጣ ነው። በማኅሌት ጊዜ መዘምራን በሁለት ረድፍ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽላቸውን እየጸነጸሉ ሲያዜሙ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። ዛሬ ብዙዎቻችን ቀኝ ጌታ ስንል እንደ ቀኛዝማች ያለ የጦር ሹመት ይመስለናል። አይደለም። ከበሮ ሲመታ በየትኛው ጎን እንደሚቆም የሚያሳይ ስም ነው።

ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይዞት የመጣው ሀብት ይህ ጆሮ ነበር። ከተማይቱ ደግሞ ሌላ ድምፅ እየለመደች ነበር። ከዓድዋ በኋላ ከሩሲያ በመጡ የናስ መሣሪያዎች የተጀመረው የሰልፍ ሙዚቃ፣ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ባመጡ ጊዜ አዲስ ጉልበት አገኘ። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የሚባል፣ አይንታብ የተወለደ፣ እሱም አገሩን በግፍ ያጣ ሰው ነበር። ዮፍታሔ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበርና ሁለቱ የተገናኙት በልጆች መካከል ነው። አንዱ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ የተቀረጸ፤ ሌላው በማርሽ የተቀረጸ። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ ጆሯቸውም አይገናኝም። ነገር ግን ለተማሪ መዝሙር፣ ለሰልፍ ግጥም፣ ለመድረክ ዘፈን አብረው ደከሙ። የኛ ዘመን ሰው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ቋንቋ እየተናገረ ያን ያህል አብሮ መሥራት ሲያቅተው ስናይ ይገርመናል።

ከነዚህ ሥራዎች ሁሉ የበለጠ ስም ያገኘው ብሔራዊ መዝሙሩ ነው። ዜማውን ኬቮርክ በ1918 ዓ.ም. ሠራው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ሰሞን የመንግሥቱ መዝሙር ሆነ። ግጥሙን የብዙ ሰዎች ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ግን ከዮፍታሔ እጅ እንደ ወጣ ነው፤ እኛም ይህንኑ እንይዛለን። መዝሙሩን በቅኔ ሚዛን ለመዘነ ሰው ድንቅ ግጥም አይደለም። ማርሽ እግር እንጂ ምሥጢር አይፈልግምና ሰምና ወርቁ ተነጥሎ፣ ሰሙ ብቻ ቆሞ ይታያል። የሚለውም ግልጽ ነው፤ ኢትዮጵያ እንድትደሰት ይጋብዛል፤ ነፃነቷን ማንም እንደማይደፍረው ለሕዝቡ ያረጋግጣል። ዮፍታሔ ያን ጊዜ 35 ዓመት አልፎታል። ጭብጨባው ብዙ ነበር፤ ነገራ ግን የለም። ከሕዝብ መካከል ቤቱ ፈርሷል፣ ሂድና እንደገና ቁጠር የሚለው አንድ መምህር አልነበረም።

በዚያው ዘመን ያወጣቸው ትያትሮች ብዙ ናቸው፤ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «ምስክር» ይገኙባቸዋል። ከእሱ በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1913 ዓ.ም. ያሳዩት «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ ተከልክሎ ስለ ነበር መድረኩ ገና ጨቅላ ነበር ማለት ይቻላል። ዮፍታሔም ትያትሩን በዘፈንና በግጥም ሞላው። እንደ ትያትር ብናያቸው ንግግሩ ይበዛል፣ ድርጊቱ ያንሳል፤ ለዚህ የሚወቅሱት አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን የማኅሌት ሰው መሆኑን ያስታወሰ ይረዳዋል፤ ለእሱ መድረክ ማለት ሁለት ረድፍ መዘምራን ማለት ነውና።

ከዘውዱ በዓል በኋላ ስድስት ዓመት አልሞላም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ፤ መርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። አይደፈርም ተብሎ የተዘመረለት ነገር ተደፈረ። በየጧቱ ያን መዝሙር ያሰሙ የነበሩ የትምህርት ቤት ልጆች ግማሾቹ ተበተኑ፤ አያሌ ወጣቶች በኋላ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት አለቁ።

ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። እዚህ ላይ የኛን ግምት ከታሪኩ ለይተን እናቀርባለን። አንድ ሰው ለሕዝብ በዜማ ቃል ገብቶ፣ ቃሉ በስድስት ዓመት ውስጥ ሲፈርስ ቢያይ፣ ሌሊት ሌሊት ምን ያስባል? ወታደር ተሸንፎ ቢሰደድ ጠመንጃ አጣሁ፣ ጥይት አለቀብኝ ይላል። ባለቅኔ ምን ይላል? ይልቁንም ቅኔ አንድ ቀን ተብሎ እንዲጠፋ ተምሮ ያደገ ባለቅኔ፣ ሊጠፋ የማይችል ነገር ጽፎ በተያዘ ጊዜ! የደብረ ኤልያሱ ተማሪ ቅኔው ቢፈርስበት በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይገባ ነበር። ይህኛው ግን አይቆጠርም፤ ሕዝቡ በቃሉ ይዞታል፤ ስደተኛውም አርበኛውም ይዘምረዋል። እኛ የምንገምተው ዮፍታሔ በዚያ የስደት ዘመን የልጅነቱን የቅኔ ቤት አብዝቶ ሳያስብ አልቀረም፤ የሚያርመውን መምህር ሳይመኝ አልቀረም ነው።

ለዚህ ግምታችን ምስክር የምናቀርበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «አፋጀሽኝ» የተባለው ትያትሩ ነው። የመዝሙሩና የትያትሩ ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን ለማመን ያስቸግራል። በመጀመሪያው ኢትዮጵያ ደስ እንዲላት የተጋበዘች እመቤት ናት፤ በሁለተኛው ስሟ አፋጀሽኝ ነው። ልጆቿ አንድ ሆነው የሚሰለፉባት ሳይሆን በሷ ምክንያት የሚፋጁባት ሴት ናት። ሰሙ ብቻ ቆሞ የነበረው ግጥም ወርቁን መልሶ ያገኘው እዚህ ነው። ባለቅኔው ራሱን ነገራ አቁሞ፣ የራሱን ቤት አፍርሶ፣ እንደገና ቆጠረ ብንል ድፍረት አይሆንብንም።

በሰሜን አውሮጳም ተመሳሳይ ሰው ነበር። ፊንላንዳዊው ዣን ሲቤሊዩስ በወጣትነቱ ቫዮሊን ተጫዋች ለመሆን ይቃጠል ነበር፤ ቪየና ሄዶ ተፈትኖ ወደቀ። ከዚያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1899 «ፊንላንዲያ»ን ለአገሩ ሰጠ፤ ሕዝቡም በሩሲያ ግዛት ሥር ሆኖ ልቡን በዚያ ዜማ አሞቀ። ነገር ግን ሲቤሊዩስ ከ1926 በኋላ ይህ ነው የሚባል ታላቅ ሥራ ሳያወጣ 31 ዓመት ኖረ። ዓለም ስምንተኛውን ሲምፎኒ ሲጠብቅ እሱ የጻፈውን ከምድጃ ጨመረው፤ በ91 ዓመቱ በ1957 ሞተ። ሕዝብ ሁሉ የሚዘምርለት ሰው ለብቻው ሲቀመጥ የሚሰማው ዝምታ ከባድ ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ ሲቤሊዩስ የሚያቃጥለው ወረቀት ነበረው፤ የዮፍታሔ መዝሙር ግን በሕዝብ አፍ ውስጥ ነበረ፤ አይቃጠልም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ባንዲራው ተሰቀለ፤ መዝሙሩም ተመለሰ። ዮፍታሔም ከስደት ተመለሰ። የተሸነፈው ቃል እንደገና እውነት ሆኖ ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም፤ ሆኖም በአምስቱ ዓመት ያለቁትን ያየ ሰው ያንኑ ግጥም በቀድሞ ጆሮው ሊሰማው አይችልም። ያን ጊዜ ዕድሜው 46 ነው፤ ከፊቱ የቀሩት ስድስት ዓመታት ብቻ ናቸው። በአገሩ አመራር ቅር የተሰኘ ሰው ሆኖ ኖረ ይባላል። በ1939 ዓ.ም. ድንገት ዐረፈ። ዕድሜው 52 ነበር። አሟሟቱ ብዙ ወሬ አስከትሏል፤ ወሬውን ግን እዚህ አንደግመውም።

በኋላ የዮፍታሔን ሕይወትና ጽሑፍ አጥንቶ ለትውልድ ያቆየልን ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ ነው። ዮሐንስ በዚሁ በዩኒቨርሲቲያችን የነበረ፣ በተማሪዎች ዘንድ በግጥሙ የታወቀ ሰው ስለ ሆነ ሥራውን በኩራት እናነሣለን። እኛም በግቢያችን የግጥም ምሽት ላይ ወጥተን፣ ገና ሦስተኛውን ቤት ሳንጨርስ የሚጨበጨብልን ሰዎች፣ ጽሑፉን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

ኬቮርክ ናልባንድያን ከጓደኛው በኋላ 16 ዓመት ያህል ኖሮ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1963 ሞተ። መዝሙሩ ሁለቱንም ተሻግሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ተዘመረ፤ በዚያ ዓመት በደርግ መዝሙር ተተካ፤ ያም በ1984 ዓ.ም. በተራው ተተካ፤ እኛ ትንሽ ሳለን ባንዲራ ሲሰቀል ጉሮሯችን እስኪዘጋ የዘመርነው ይኸኛውን ነው። የዮፍታሔን መዝሙር ዛሬ የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ ጠይቀናቸው ሲያዜሙልን አብዛኞቹ ከመካከል ቃሉ ይጠፋባቸዋል፤ ዜማውን ግን በእጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ እስከ መጨረሻው ይወጡታል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ደግሞ ተማሪው ዛሬም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ማታም ለመምህሩ ይናገራል፤ የተናገረውንም በማግሥቱ አይደግመውም።