በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ የመጀመሪያው የቴአትር ደራሲ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የቴአትር ታሪክ የመጀመሪያው ጸሐፌ ተውኔት መሆናቸው የሚነገርላቸው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው ከራስ መኮንን ቤት የተጠጉ ሲሆን፣ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ ከራስ መኮንን ጋር ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላም ወደ ሩሲያ ተሻግረው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው የጅጅጋ ገዥ ሆኑ። በአዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ቴአትር እየተባለ ለመኳንንቱ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ ነበር። በአውሮፓ እውነተኛውን ቴአትር አይተው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ይህን ሲመለከቱ ብዕራቸውን አነሡ፤ ከላፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደውም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። ተውኔቱ በመኳንንቱ ፊት ቀረበ። በአውሬዎቹ አንደበት የሚነገረው ግን የአስተዳደሩ ብልሹነትና የሹማምንቱ ምግባር መሆኑ አልተሰወረም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፤ የታተሙት ቅጂዎችም ተሰበሰቡ። ዕገዳው በአንድ ድርሰት ብቻ አላበቃም፤ ቴአትር እንደገና የተነቃቃው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ወዲህ ነው።

ድርሰታቸው የታገደባቸው ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ የአገሪቱን የመጀመሪያ ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ተመረጡ። በዚህ መካከል ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ለረቂቁ በአብነት ያዩት የ1889ኙን (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሰነድ በ55 አንቀጾቹ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ ዋናውን ሥልጣን ግን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አላወጣም።

ኢጣልያ ወረራዋን ስታዘጋጅ በጄኔቭ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያን አቤቱታ ያሰሙት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው እንዳይወጡ መከሩ፤ ምክራቸው ግን ተቀባይነት አላገኘም። እርሳቸውም ተሰደዱ፤ በጅቡቲ፣ በኤደን፣ በኬንያና በማዳጋስካር ለሃያ ዓመት ገደማ ኖሩ።

ከስደት ሲመለሱ ኑሯቸውን በሐረርጌ፣ በሂርና አደረጉ። የወጣትነት ምኞታቸው ለነበረው እርሻም ጊዜያቸውን ሰጡ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»ን በመጻፍ በደራሲነት ታውቀዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ለአንባቢ የደረሰው ከሞቱ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።